ወላጅ ፈረመ፣ ልጅ ከፈለ፦ ስለ ጄን ቪ የተከፈተ ክር

ብዙዎቻችሁ ዘግይታችሁ ስለገባችሁና ክሩም ስለረዘመ፣ መክፈቻዬን እንዳለ ትቼ ምላሾቹን በራሴ አነጋገር ከነቁጥራቸው አስቀምጫለሁ። ታሪኩ እስከ ሁለተኛው ሲዝን ማብቂያ ድረስ ይነገራል። ሳያይ ማወቅ የማይፈልግ ሰው እዚህ ላይ ያቁም። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መክፈቻ፦

ጄን ቪን አይታችሁ ለጨረሳችሁ ጥያቄ አለኝ። መጀመሪያ ግን ለማያውቀው ሰው ባጭሩ ልንገር። ዘ ቦይስ በ2019 በአማዞን ፕራይም ቪዲዮ የጀመረ ድራማ ነው። ቮውት የሚባል ኩባንያ ሱፐርሂሮዎችን እንደ ሸቀጥ የሚቸረችርበትን ዓለም እያሳየ ይሳለቃል። ጄን ቪ ከእሱ የወጣ ስፒንኦፍ ነው። በሴፕቴምበር 2023 ጀመረ። ሱፐርሂሮ ለመሆን የሚሠለጥኑ ወጣቶች የሚማሩበትን ጎዶልኪን ዩኒቨርሲቲን ያሳየናል። ሁለተኛው ሲዝን በ2025 ከሴፕቴምበር እስከ ኦክቶበር ታየ። እያንዳንዱ ሲዝን 8 ክፍል አለው።

ነጋ ጠባ የሚወራው ስለ ደሙና ስለ ብልግናው ነው። እኔን ቁጭ ብዬ እንዳይ ያደረገኝ ሌላ ነው። በዚህ ዓለም ኃይል ከሰማይ አይወርድም። ኮምፓውንድ ቪ የሚባል መድኃኒት አለ። ወላጅ ይስማማል፣ ጨቅላው ይወጋል። ልጁን የጠየቀው የለም። ከዚያ አድጎ ዩኒቨርሲቲ ይገባና ስሙ በደረጃ ሰሌዳ ላይ ከጓደኞቹ በላይ ወይም በታች ይለጠፋል። ከተሳካለት ሰባቱ በሚባለው የኩባንያው ዋና ቡድን ውስጥ ይገባል፤ ካልተሳካለት የኩባንያው ማስታወቂያ ላይ ፈገግ ይላል።

አሁን ኃይላቸውን ተመልከቱ። ማሪ ሞሮ ደም ታዛለች። ለመዋጋት ግን መጀመሪያ የራሷን መዳፍ መቁረጥ አለባት። ካሜራው ደጋግሞ እጇ ላይ ይቆያል። ስለቱ ይገባል፣ ፊቷ ይኮማተራል፣ ከዚያ ደሙ ተነስቶ በአየር ላይ ይዘረጋል። ኤማ ማየር ለማነስ ያስመልሳታል፤ ለመተለቅ መብላት አለባት። የሚያጨበጭቡላት ሰዎች ይህን አያውቁም፤ እሷ ሽንት ቤት ገብታ በሩን ትዘጋለች። አንድሬ አንደርሰን ብረት ባንቀሳቀሰ ቁጥር አንጎሉ ይጎዳል። ኬት ደንላፕ በባዶ እጇ የነካችው ሰው ያዘዘችውን ይፈጽማል፤ ስለዚህ ጓንት አጥልቃ ትኖራለች። ልጅ ሳለች ወንድሟን ነክታ ሂድልኝ አለችው። ሄደ፣ በዚያው ጠፋ።

የእነዚህ ልጆች ኃይል የሚሠራው ራሳቸውን ወይም የሚወዱትን ሰው እየጎዳ ነው። ፈራሚው ወላጅ፣ ከፋዩ ልጅ። ይህን በዚህ ግልጽነት ያሳየኝ ሌላ የሱፐርሂሮ ድራማ የለም። ሁለተኛው ሲዝን ላይ ግን ማሪ ኦዴሳ የሚባል ሚስጥራዊ ፕሮጀክት ውጤት መሆኗ ይነገረናል። ከመጀመሪያው ለብቻዋ የታሰበች፣ የቮውትን ኃያል ሱፐርሂሮ ሆምላንደርን ልትስተካከል የምትችል ሆና ቁጭ አለች። የተመረጠች ልጅ ታሪክ በየፊልሙ ሞልቷል። የእኔ አቋም፦ ሁለተኛው ሲዝን የያዘውን ወርቅ ግማሹን ጥሎታል። እናንተስ?

ምላሾች

1፦ የመጀመሪያው መላሽ በሐሳቤ ተስማማ። ዘሩ ግን በእናት ድራማው በዘ ቦይስ ውስጥ ተዘርቶ ነበር ሲል ጨመረ። እዚያ ያለችው ሱፐርሂሮ ስታርላይት ኃይሌ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው እያለች አድጋ፣ እናቷ ሁሉን ታውቅ እንደነበር የደረሰችበትን ቀን አስታወሰን። ጄን ቪ የዚያች አንዲት ትዕይንት ልጅ ነው ባይ ነው። በዚያው ጄን ቪ የመጀመሪያው ስፒንኦፍ ነው ብሎ አለፈ።

2፦ ሁለተኛው ምንም አላየም። አዲስ አበባ ሆኖ የት እንደሚገኝ ብቻ ጠየቀ።

3፦ ሦስተኛው የቴሌግራም ሊንክ ለጠፈለት። አወያዩ ወዲያው አጠፋው። ፕራይም ቪዲዮ አገር ቤትም ይከፈታል ብሎ ከሥሩ ጻፈ። ሠርተው የሚበሉ ሰዎች ያዘጋጁትን ነገር በነፃ መበተን ልክ አይደለምና አወያዩን እደግፋለሁ።

4፦ አራተኛው መላሽ የኮሚክ ሰው ነው። ረጋ ብሎ 1ኛውን አረመ። በማርች 2022 ዲያቦሊካል የሚባል 8 አጫጭር ክፍሎች ያሉት አኒሜሽን ስለወጣ ጄን ቪ ሁለተኛው ስፒንኦፍ ነው አለ። ቀጥሎ ያመጣው ነገር ለክሩ ትልቅ ጥቅም ነበረው። ጋርዝ ኤኒስና ዳሪክ ሮበርትሰን በሠሩት ኮሚክ ውስጥ ጂ-ሜን የሚባል ቡድን አለ። መሪው ጆን ጎዶልኪን ነው፤ በድራማው ቶማስ ተብሏል። የኮሚኩ ጎዶልኪን ልጆችን ሰርቆ ወስዶ እንደ ራሱ ልጆች የሚያሳድግ ሰው ነው። ድራማው ጋ ሲመጣ ሌባው ቀረ። ልጆቹን ያስረከቡት የገዛ ወላጆቻቸው ሆኑ። ይህ ለውጥ ድንገት የተደረገ አይመስለኝም። ሌባን መጥላት ቀላል ነው። እያለቀሰች ለአንተው ብዬ ነው የምትል እናትን መጥላት ግን ይከብዳል።

5፦ አምስተኛዋ ሐኪም ናት። የት እንደምትሠራ አልጻፈችም። የአንድሬን ክፍሎች በአንድ ትንፋሽ ማየት አቅቷት በየመሃሉ ታቆም እንደነበር ነገረችን። አንድሬ የታዋቂው የፖላሪቲ ልጅ ነው። አባትየው ስሙንም ቦታውንም ልጁ እንዲወርስ ይፈልጋል፤ ልጁ ምን እንደሚፈልግ ግን የጠየቀው የለም። የእሷም አባት ዘጠነኛ ክፍል ሳለች ስቴቶስኮፕ ገዝተው ሳሎን ግድግዳ ላይ፣ ከአጎቷ የምረቃ ፎቶ ጎን ሰቀሉት። እንግዳ በመጣ ቁጥር እያወረዱ አንገቷ ላይ ያደርጉላታል። ሐኪም መሆኑን አልጠላችውም። አባቷንም ትወዳቸዋለች። ያ ነገር አንገቷ ላይ ሲያርፍ ምን ይሰማት እንደነበር ግን እስከዛሬ የጠየቃት የለም። ከክሩ ሁሉ ብዙ ላይክ ያገኘው ይህ ነው፤ ይገባዋልም።

6፦ ስድስተኛው ተቆጣ። ልጄ ይማርልኝ ያለን አባት ሕፃን ከሚያስወጋ ሰው ጋር ማወዳደር ነውር ነው አለ። አባቶቻችን ከአፋቸው ነጥቀው ነው ያስተማሩን፤ አሁን በአሜሪካ ድራማ ሚዛን ልንመዝናቸው ነው ወይ ሲል ጠየቀ። ቁጣው ይገባኛል። ግን ሐኪሟ ያላለችውን ነው ያስባላት።

7፦ እሷም ይህንኑ መለሰችለት፤ ያለ ቁጣ። አባቷ ከቮውት ጋር አንድ ናቸው አላለችም። ፖላሪቲም ክፉ ሰው አይደለም። ልጁን ይወዳል፤ የሚጎዳው ደግሞ በዚያው ፍቅሩ ነው።

8፦ ስምንተኛዋ ከቨርጂኒያ የጻፉ እናት ናቸው። የ14 ዓመት ልጃቸው ከጓደኞቹ ጋር ሊያየው እንደሆነ ነግሯቸዋል። ኮሌጅና ሱፐርሂሮ ሲባል የልጆች ነገር መስሏቸው እሺ ሊሉ ነበር። ክሩን ሲያነቡ ደነገጡ። ምን ያህል የከፋ እንደሆነ በትሕትና ጠየቁ።

9፦ አንድ ወጣት እናቴ እያለ በአክብሮት አስረዳቸው። ለአዋቂ የተሠራ ነው። ገና በመጀመሪያው ክፍል የማሪ ኃይል በመጀመሪያ የወር አበባዋ ቀን ድንገት ወጥቶ ወላጆቿን ይገድላል፤ ታናሽ እህቷ አናቤት ታያለች። በዚያው ክፍል የዩኒቨርሲቲው ቁጥር አንድ ተማሪ ሉክ ፕሮፌሰሩን አቃጥሎ ይገድልና ራሱም ሰማይ ላይ ወጥቶ ይፈነዳል። ወሲቡም ሳይሸፋፈን ነው የሚታየው። ለ14 ዓመት ልጅ አይሆንም፣ ትንሽ ይቆይ ብሎ መከራቸው። እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ድራማውን ብወደውም ለዚያ ዕድሜ አላሳይም።

10፦ አሥረኛው ዝም ቢል ይሻል ነበር። ወላጆች ሪሞቱን ለልጅ ሰጥተው መድረክ ላይ ይጠይቃሉ ብሎ ዘለፋቸው። ሴትየዋ የጠየቁት ልጁ ሳያይ ቀድመው ነው። ከዚህ በላይ ምን ያድርጉ?

11፦ አወያዩ አስጠነቀቀው።

12፦ አሥራ ሁለተኛው መላሽ አንድሬን የተጫወተውን ቻንስ ፔርዶሞን አነሳ። ተዋናዩ በማርች 2024፣ የሁለተኛው ሲዝን ቀረጻ ሊጀመር ሲል፣ በሞተር ሳይክል አደጋ በ27 ዓመቱ አረፈ። አዘጋጆቹ በሌላ ተዋናይ ላለመተካት ወሰኑ። ታሪኩ እንደገና ተጻፈ። ሁለተኛው ሲዝን ሲከፈት አንድሬ የለም፤ ከታሰሩበት ከኤልማይራ ለመውጣት ሲሞክር ሞቷል። መላሹ እንደሚለው የሲዝኑ ልብ ያለው ባዶው ቦታ ላይ ነው። የፖላሪቲን ፊት እዩ አለን። ሾን ፓትሪክ ቶማስ በመጀመሪያው ሲዝን ደረቱን ነፍቶ የሚሄድ አባት ነበር። በሁለተኛው ላይ ትከሻው ወርዶ፣ ልጁ እንዴት እንደሞተ ከየሰዉ እየለቃቀመ ይዞራል።

እዚህ ላይ እኔም ልጨምር። በመክፈቻዬ ያልኩት ነገር ከየትም በላይ የሚታየው በዚህ ነው። በመጀመሪያው ሲዝን መጨረሻ አካባቢ ፖላሪቲ ራሱን ስቶ ይወድቃል። ኃይሉ ለዓመታት አንጎሉን ሲበላው እንደነበር ይታወቃል። ልጁም ያው ኃይል አለው፤ ያው በሽታ ይጠብቀዋል። አባት በኩራት ያወረሰው ነገር መድኃኒት የሌለው ሕመም ሆኖ ተገኘ። በሁለተኛው ሲዝን አባት ተረፈ፣ ልጅ ሞተ። ይህን ሕይወት ራሷ በጭካኔ ጻፈችው፤ ድራማው ግን በክብር ተሸከመው።

13፦ አሥራ ሦስተኛዋ አልተስማማችም። የእውነተኛ ሰው ሞት የታሪክ ማንቀሳቀሻ ሲሆን ይቀፋታል። አንድሬ ትምህርቱን ትቶ ርቆ ሄደ ቢባል ይበቃ ነበር ትላለች።

14፦ ሌላ ሰው ገብቶ ሄደ ቢባል ኖሮ ውሸት ይሆን ነበር አላት። ተዋንያኑ ካሜራ ፊት ሲያለቅሱ እውነታቸውን እንደሚሆን ያምናል። ሁለቱ ጥቂት ተመላለሱ፤ ሁለቱም ጨዋ ነበሩ። እኔ ከ14ኛው ጋር ነኝ።

15፦ ከዚህ በኋላ ነገሩ ከረረ። አሥራ አምስተኛው ጆርዳን ሊን አነሳ። ጆርዳን አንዴ ወንድ፣ አንዴ ሴት እየሆነ የሚለዋወጥ ገጸ ባሕሪ ነው፤ ሁለት ተዋንያን፣ ለንደን ቶርና ዴሪክ ሉህ፣ ይጫወቱታል። መላሹ ይህ ከባህላችንም ከሃይማኖታችንም ጋር አይሄድም፣ ድራማው የተሠራው ይህን ለመስበክ ነው አለ። ሐሳቡን የገለጸው ግን ማንንም ሳይሰድብ ነው።

16፦ ቀጣዩ ሰደበ። ስድቡን አልደግመውም።

17፦ አሥራ ሰባተኛዋ ሁለቱንም ወደ ታሪኩ መለሰቻቸው። ስለ ጆርዳን የፈለጋችሁትን እመኑ፣ ግን ምን እንደደረሰበት እዩ አለች። ሉክ በእሳት ሲነሳ ጆርዳን ከፊቱ ቆሞ ተዋግቷል። ኩባንያው ግን ሕዝብ ፊት ማን ይሸጥልናል ብሎ አሰላና ዝናውን ለማሪና ለአንድሬ ሰጠ። ጆርዳን ከታሪኩ ተፋቀ። ደግሞ ቮውት ራሱ ብዝኃነት ብዝኃነት እያለ ማስታወቂያ የሚያሠራ ኩባንያ ነው። ድራማው የሚሳለቀው በዚህ ላይ ነው። ሲያዋጣ አቅፎ ፎቶ የሚነሳ፣ ሳያዋጣ የሚደልዝ ድርጅት። የሠራው ሥራ በሌላ ሰው ስም ሲቀርብ ያየ ሁሉ ይህ ይገባዋል አለችን። ከዚህ በኋላ ስለ ጆርዳን የተጻፈው ሁሉ ለስለስ አለ።

18 እና 19፦ የሉም። አወያዩ ሁለቱንም አንስቷቸዋል።

20፦ ሃያኛው ከቶሮንቶ ነው። የጎዶልኪን ግቢ ሆኖ የሚታየው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ሚሲሳጋ ካምፓስ መሆኑን ነገረን። እዚያ ተምሯል። ሱፐርሂሮዎቹ እያወሩ የሚያልፉበትን መንገድ ፈተና ረፍዶበት ሮጦበታል። ድራማውን ከደሙ ይልቅ ሕንፃ ለመለየት ሲል እንደሚያየው ጻፈ። ሰዉ ትንሽ ተነፈሰ።

21፦ እሱን ተከትሎ ክሩ አገር ቤት ገባ። ሃያ አንደኛው እኛስ መቼ ነው የራሳችንን የምንሠራው ብሎ ጠየቀና ራሱ መለሰ። ኢታን ኮሚክስ ያሳተመውን፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም የወጣውን ጀምበርን አስታወሰ። የብሥራት ደበበ ሥራ ነው። ጀግናው አዲስ አበባ ውስጥ ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው። መላሹ እንዳለው የጎዶልኪን ተማሪ ገና ሳይመረቅ ኩባንያው ይሻማበታል፤ የእኛው ጀግና ኃይል እያለውም ሲቪውን ይዞ ይዞራል። ሁለቱን ጎን ለጎን ማንበብ የሚገባ ነገር ነው፤ ይህን እኔም አላሰብኩትም ነበር።

22፦ ሃያ ሁለተኛው የደረጃ ሰሌዳውን ያዘ። በእኛ አቆጣጠር የ2014ቱን የ12ኛ ክፍል ፈተና አነሳ፤ ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያን ሰሞን በየቤቱ የነበረውን ዝምታ፣ ስልክ የማያነሱ ዘመዶችን አስታወሰ። እሱም ከወደቁት አንዱ ነበር። የጎዶልኪን ልጆች ቀና ብለው ሰሌዳው ላይ ስማቸውን ሲፈልጉ ሆዱ እንደሚንቦጫቦጭ ጻፈ።

23፦ ቀጥሎ የመጣው ሰው ስለ ትምህርት ሚኒስቴር መጻፍ ጀመረ። አወያዩ ያ ሌላ ክር ይፈልጋል አለው። ልክ ነው፤ ስለ እሱ ከጀመርን አናቆምም።

24፦ ሃያ አራተኛዋ እስካሁን ከመጡት ሁሉ በደንብ የሞገተችኝ ናት። ጽሑፌን ሁለቴ አንብባለች፤ ያስታውቃል። ኦዴሳ የያዝከውን ሐሳብ አይጥለውም፣ ያሰፋዋል አለችኝ። ማሪ ዕድሜዋን ሙሉ ወላጆቼን ገደልኩ እያለች ራሷን ስትቀጣ ኖረች። ከጀርባዋ የነበረው ግን ፕሮጀክት ነው። ከመወለዷ በፊት የተፈረመ ነገር አለ ማለት ነው። እንደውም ውሉ ከፋ እንጂ አልቀለለም። ሁለተኛው ሲዝን ደግሞ የሚጀምረው በ1967 ነው፤ ተመራማሪዎቹ መድኃኒቱን ራሳቸው ላይ ሞክረው ሲበጣጠሱ፣ የዩኒቨርሲቲው መሥራች ቶማስ ጎዶልኪንም ሲቃጠል ያሳየናል። አዲሱ ዲን ሳይፈር ሰው የሚመስለን የሌላ ሰው አካል ነው፤ ከውስጡ ሆኖ የሚነዳው ያ የተቃጠለው ጎዶልኪን ነው። በሌላ ሰው ልጅ ገላ ገብቶ የሚኖር አዛውንት! የአንተን ሐሳብ ከዚህ በላይ ምን ይግለጸው ስትል ደመደመች።

25፦ እኔ መለስኩላት። ስለ ሳይፈር ያለችው ትክክል ነው፤ ሃሚሽ ሊንክሌተር ያን ገጸ ባሕሪ ሲጫወት ዓይኔን መንቀል አቅቶኝ ነበር። ስለ ማሪ ግን አቋሜ አልተለወጠም። በመጀመሪያው ሲዝን ማሪ ከሺህ ልጆች አንዷ ነበረች። ወላጅ አልባ ሆና ሬድ ሪቨር በሚባል ተቋም አድጋ፣ ይህ ዩኒቨርሲቲ ካልተቀበለኝ መድረሻ የለኝም ብላ የመጣች ልጅ። እሷን ስናይ ሌሎቹን ሁሉ እናያለን። ከሆምላንደር እኩል ናት ከተባለ በኋላ ግን እሷን ስናይ የምናየው እሷን ብቻ ነው። በዚያ ላይ መዳፏን መቁረጧ ቀስ በቀስ ቀረ ማለት ይቻላል፤ ኃይሏ ሲያድግ ሕመሙ ከስክሪኑ ጠፋ። እኔን የያዘኝ ሕመሙ ነበር።

26፦ ሃያ ስድስተኛው ሁለታችንንም ተወን። ጄን ቪ የራሱ ታሪክ ኖሮት አያውቅም ብሎ ጀመረ፤ አነጋገሩም ስለት ነበረው። የመጀመሪያው ሲዝን መጨረሻ ላይ ልጆቹ የራሳቸውን ጦርነት ሊጨርሱ ሲሉ ሆምላንደር ከሰማይ ይወርዳል። ማሪን በዓይኑ ጨረር መትቶ ይጥላል። ቮውት ጥፋቱን ለእሷና ለጓደኞቿ ያሸክማል፤ ኬትና የሉክ ወንድም ሳም ጀግና ይባላሉ። የሌሎቹ ዕጣ በር የሌለው ክፍል ሆነ። ከዩኒቨርሲቲው ሥር ባለው ዘ ዉድስ በሚባል ድብቅ እስር ቤት የተሠራው ሱፐርሂሮ የሚገድል ቫይረስም ተነስቶ ወደ ዘ ቦይስ አራተኛ ሲዝን ሄደ። ሁለተኛው ሲዝንም ሲያልቅ የዘ ቦይስ ሱፐርሂሮዎች ስታርላይትና ኤ-ትሬን መጥተው ልጆቹን ለእናት ድራማው ይመለምሏቸዋል። የልጅ ስም ይዞ ለእናቱ የሚላላክ ድራማ ነው አለ። እኛ የወላጆች ነገር እያልን ስንከራከር ድራማው ራሱ በወላጁ እጅ እንዳለ አላያችሁም ብሎ ወቀሰን።

የተናገረው አብዛኛው እውነት ነው፤ እኔንም ያናድደኛል። አንድ ነገር ግን ዘሎታል፤ እሱን ቀጣዩ ያዘለት።

27፦ ሃያ ሰባተኛዋ ዲን ኢንዲራ ሼቲን አነሳች። ሼቲ ኃይል የላትም፤ ተራ ሰው ናት። ተማሪዎቹ ችግራቸውን የሚነግሯት፣ ድምጿ የማይጮህ ሴት። ባሏና ልጇ የሞቱት በዘ ቦይስ የመጀመሪያ ሲዝን ሆምላንደር ጥሏት በሄደችው አውሮፕላን ውስጥ፣ በበረራ 37 ነው። ከዚያ በኋላ የሌላ ሰው ልጆችን እንደ እናት እያቀፈች ኃይል ያላቸውን ሁሉ የሚፈጅ ቫይረስ ታሠራለች። ኬትን ልጄ ትላት ነበር፤ በኬት እጅ የሉክን ትዝታ ስታስጠፋ ኖረች፤ ወንድሙ ሳም ሞቷል ብሎ እንዲያምን። በመጨረሻም ኬት አዝዛት በገዛ እጇ ሞተች። መላሿ የምትለው ይህ ነው፦ እናት ድራማው በረራ 37ን አሳይቶ አለፈ። ሬሳ ቆጥሮ ሄደ። ጄን ቪ ግን ከዚያ አውሮፕላን ቤት የቀረችውን ሴት አግኝቶ አራት ዓመት ሙሉ ምን ስታስብ እንደነበር ጠየቀ። ያ መላላክ አይደለም። የወላጁን ዕዳ እያነሳ የሚጠይቅ ልጅ ነው።

ይህን ካነበብኩ በኋላ በ26ኛው ላይ ልጽፍ የነበረውን ረዥም መልስ ተውኩት። እሷ ጨርሳዋለች።

28፦ 26ኛው ተመለሰ። ስለ ሼቲ ተቀበላት። ስለ መጨረሻዎቹ ክፍሎች ግን እንደቆመ ነው። አንድ ድራማ መዝጊያውን ራሱ መዝጋት አለበት ይላል። በዚህ እኔም እስማማለሁ።

29፦ አንድ ሰው ስለ ሳም ማንም አላወራም ብሎ ቅር አለው። እውነቱን ነው። ሳም አእምሮው ታውኮ ሌሎች የማያዩትን የሚያይ ልጅ ነው። ጠባቂዎችን ሲገድል እኛም በእሱ ዓይን እናያለን፤ ሰዎቹ የጨርቅ አሻንጉሊት ይሆናሉ፣ ከሆዳቸውም ጥጥ ይወጣል። መጀመሪያ ይሣቃል። ከዚያ ካሜራው ወደ እውነታው ይመልሰናል። መላሹ ያን ትዕይንት ካየ በኋላ ቀድሞ በሣቀው ሣቅ እንዳዘነ ጻፈ።

30፦ ያ በ2 ላይ የነበረው የአዲስ አበባ ልጅ ተመልሶ መጣ። ሁሉን አንብቦ ማየት አምሮታል። ከየት ልጀምር፣ ዘ ቦይስን ሳላይ ጄን ቪ ይገባኛል ወይ ሲል ጠየቀ።

31፦ የኮሚኩ ሰው ቅደም ተከተሉን ሰጠው፦ የዘ ቦይስ 3 ሲዝኖች፣ ከዚያ የጄን ቪ አንደኛ፣ ከዚያ የዘ ቦይስ አራተኛ፣ ከዚያ የጄን ቪ ሁለተኛ።

32፦ ሌላው ሰው አራተኛውን ዝለለው፣ ጊዜ ማባከን ነው አለው።

33፦ እኔ አትዝለል አልኩት። ቫይረሱ የሚሄደው በዚያ በኩል ነው፤ ኬትና ሳምም እዚያ ብቅ ይላሉ። እሱን ካላየ ሁለተኛው ሲዝን ሲከፈት ግቢው ለምን እንደዚያ እንደተለወጠ፣ ሱፐርሂሮ ያልሆኑት ሰዎች ለምን አንገታቸውን ደፍተው እንደሚሄዱ አይገባውም። ጊዜ ካጠረው ደግሞ የዘ ቦይስን የመጀመሪያ ሲዝን አይቶ በቀጥታ ወደ ጄን ቪ አንደኛ ሲዝን ይግባ። በረራ 37ን ግን እንዳያልፈው።